አባት ሲገባ ተቀምጦ መቅረት

ድራማው የሚቀረጽበት ቤት የሚገኘው ከሰፈራችን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ቤቱን ላጸዳና ለተዋንያኑ ሻይ ላቀርብ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ስቆም እጄን የት እንደማደርገው የማላውቅ ሰው ነኝ። አንድ ጠዋት ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ቀረች። አዘጋጁ ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ዛሬ ከሆነልሽ እስከ መጨረሻው አንቺው ትሠሪዋለሽ፣ ካልሆነልሽ ነገ ሌላ አመጣለሁ አለኝ። ምን ያህል እንደፈለግኩት ለማንም አልተናገርኩም።

የምጫወታት አባቷን የተቀየመች ልጅ ናት። አባት ሲገባ ቀና ሳትል ተቀምጣ ትቀራለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ነገር ግን አባት ሆነው የሚጫወቱት ሽበታም ሰውዬ በሩን ከፍተው ሲገቡ ብድግ አልኩ። ተደገመ፤ አሁንም ብድግ። አዘጋጁ ወንበሩ ሞላ አለው እንዴ ሲል ሁሉም ሳቁ። ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ጀመረ፤ እኔም ጣቶቼን አሻሻለሁ፣ ቀሚሴን እጎትታለሁ።

እናት ሆነው የሚጫወቱት እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቴሌቪዥን ጎረቤት፣ አልቃሽ፣ ክፉ አማት ሲሆኑ የኖሩ ናቸው። ዋና ሆነው አያውቁም። ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲወጡ ሴቶች፣ ያቺን ምስኪን ምራትዎን ምን አድርጊ ነው የሚሏት እያሉ ይቆጧቸዋል። እሳቸውም፣ እሺ እተዋታለሁ ብለው ሽንኩርታቸውን ይመርጣሉ።

መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"የሚነሳው ጉልበትሽ ነው፣ ልጄ። ጉልበት ደግሞ ምክር አይሰማም።"

ወደ ወጥ ቤት ገብተው ሰፌድ ሙሉ ምስር አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"እስቲ አሁን ተነሽ።"

ሰውዬው ገቡ። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል ሰፌዱ ዘመም አለ፤ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ጥቂት ፍሬ ምስር ወለሉ ላይ ተበተነ። ጆሮዬ ጋለ፣ ግን ቀና አላልኩም።

አዘጋጁ ነገ በጠዋት እንድመጣ ነገረኝ። እትዬ ምስሩን አብረውኝ እየለቀሙ፣ "ነገ ደግሞ አፍ አውጥተሽ ነው የምትመልሺላቸው" አሉኝ።

ሰውዬው ልብስ ቀይረው እስኪወጡ በረንዳው ላይ ጠበቅኳቸው። ሲመጡ ተነስቼ "ኖር" አልኩ።

"በእግዜር" ብለው ሳቁ። "ነገ ግን እንዳትምሪኝ።"

ቁልቁለቱን ስወርድ የነገውን መልስ ለመለማመድ ሞከርኩ። ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር ቃሉ አፌ ውስጥ ይቀራል።