የሎሚ ሽቶ ቀማሚዋ ኡሙሃኒ

ኡሙሃኒ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ካለው የሶማሌዎች ገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ በሒጃብ ሻጭና በስልክ ካርድ ሻጭ መካከል፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። የምትሸጠው አልኮል የሌለበት የዘይት ሽቶ ነው። ዑዱም ሚስኩም ጽጌረዳውም ተዘጋጅቶ ከዱባይ ይመጣላታል። የሎሚውን ግን ራሷ ነበረች የምትቀምመው። የሎሚ፣ የመንደሪንና የትርንጎ ልጣጭ ዘይት ትቀላቅልና ቶሎ እንዳይተን ጥቂት የሰንደል ዘይት ጠብ ታደርግበታለች።

«የሎሚ ሽቶ ችኩል ነው» ትላለች ለደንበኞቿ። «ዑድ ልብስ ላይ ሳምንት ይከርማል። ይሄ ግን ገና ስትቀቢው ቀዝቃዛ ውኃ ፊትሽ ላይ እንደተረጨ ያነቃሻል፤ ቀጥሎ ይጣፍጣል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ልጣጩ መረር ይልና ይሄዳል። ቀትር ላይ ብትፈልጊው የለም። እና አይቆጭሽ፤ ሲመጣ ደስ ይበልሽ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ይገዛሉም። ዊንተር ገብቶ በብርዱ መስኮት ሁሉ ሲዘጋ፣ ከሁሉም አስበልጠው የሚጠይቋት እሱኑ ነበር። ከኮምቦልቻ ወጥታ ሚኒያፖሊስ ከገባች ጀምሮ ስንት ሥራ ሞክራለች፤ «የኔ ነው» ያለችው ግን ይሄን ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2007 ዊንተር አንድ ጠዋት ከአፓርታማቸው ወጥታ ወደ ባሏ ወደ ከማሉዲን ታክሲ ስትራመድ ግግሩ በረዶ አዳለጣትና በጀርባዋ ወደቀች። ማጅራቷ ከአስፋልቱ ጋር ተላተመ። ለሳምንታት ራሷን ሲያዞራትና ሲያማት ከርሞ ተሻላት። ሱቋን መልሳ በከፈተች ዕለት እንደ ልማዷ የሎሚውን ጠርሙስ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። ምንም። ጉንፋን መሰላት። ዑዱን ከፈተች፤ ምንም። ከጠረጴዛው ሥር የወለል ማጽጃውን በረኪና አውጥታ አጎንብሳ ሳበችው። ዓይኗ አነባ እንጂ አንዳች ሽታ አልመጣላትም።

«ስትወድቂ የሽታ ነርቮችሽ ተበጥሰው ይሆናል» አላት ሐኪሙ በአስተርጓሚ። «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።»

ለማንም አልተነፈሰችም። አፍንጫዋ የማይሠራ ሽቶ ቀማሚ ዘንድ ማን ይመጣል? ጠርሙሶቹን በመልካቸው ታውቃቸዋለች፤ መጠኑንም እጇ ለምዶታል። «ይሄኛው እንዴት ነው?» ሲሏት፣ ሽቶውን እንደሚያሸት ሰው ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ከምታስታውሰው ትመልሳለች። ቤት ስትገባ ምግቡ ሁሉ አፏ ውስጥ እንደ ገለባ ሆኖባት ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች።

በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ፣ ሆፕኪንስ የምትኖረው ወዳጇ ፈዲላ መጣች። ልጇ ቱባ ልታገባ ነው።

«ቱባ ዑድ ራሴን ያመኛል ትላለች» አለቻት። «የሎሚውን ቀምሚልኝ። ለሷም ለሚዜዎቿም።»

«ለቱባማ እንዴት አልቀምም!» አለች ኡሙሃኒ። ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

የልጣጭ ዘይት ሙቀትና አየር ካገኘው ይበላሻል። የሎሚው ዘይት ደግሞ ክዳኑ ላልቶ፣ ዊንተሩን ሙሉ ከማሞቂያው አጠገብ ነበር የቆመው። በደህናው ጊዜ ቢሆን ጠርሙሱን እንዳነሳች ታውቀው ነበር። ቀመመችው፤ በሚያማምሩ ትንንሽ ብልቃጦች ሞልታ፣ ሪባን አስራ ሰጠች። በሰርጉ ላይ ሚዜዎቹ አንገታቸውን በሶፍት ሲጠርጉ አየች። ሙቀቱ ነው ብላ አለፈችው።

ከሰርጉ በኋላ ፈዲላ ሱቋ ድረስ መጥታ አንዱን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኡሙሃኒ፣ ይሄ የሎሚው ነው?»

«ነዋ!»

«እስቲ አሽትቺው።»

ኡሙሃኒ ከፍታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «ምን ሆነ? ደህና ነውኮ።»

ፈዲላ የመጣችው ተቆጥታ ነበር። ትክ ብላ ስታያት ቆየችና ቁጣዋ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

«አኳራጅ አኳራጅ ይላልኮ» አለች በቀስታ። «የቀለም ማቅጠኛ። ሙሽሪትን መኪና ውስጥ አስመለሳት። ኡሙዬ፣ ምን ሆነሻል?»

ኡሙሃኒ ብልቃጡን ሳትከድን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ፈዲላ አንስታ ከደነችላት።

የዚያን ዕለት ከማሉዲን ሊወስዳት ሲመጣ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ ነገረችው። መኪናውን አስነስቶ መንገዱ ላይ አፈጠጠ።

«አውቄያለሁ» አለ። «የተበላሸ ወተት ሻዬ ውስጥ የጨመርሽ ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ጠጣሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ከአፌ ካወጣሁት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ታልቅስ አታልቅስ ከማሉዲን አላወቀም፤ የመኪናውን ሬዲዮ ዝቅ አደረገላት።

ያንኑ ወር ሱቋን ለቀቀች። ዑዱንና ሚስኩን አንዲት ሶማሌ ሴት ከሷ ጠቅልላ ገዛች። የሎሚውን ዘይት የሚወስድ ጠፋና ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ቱባ ስልክ ደውላ «ኢትስ ኦኬይ፣ ሪሊ፤ ምንም አይደለም» አለቻት፤ ኡሙሃኒ ግን ከዚያ ወዲህ እነፈዲላ ቤት ሄዳ አታውቅም።

ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቀጠራት። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ሸፍነው የሚገቡበት ክፍል እሷ ፊቷን ሳታጨማድድ ትገባለች፤ ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። አለቃዋ በሠራተኞች ፊት አመሰገነቻት። «ሰው የማይጸየፍ ልብ አላት» አለች። ኡሙሃኒ አንገቷን ደፍታ ምስጋናውን ተቀበለች፤ የልቧ ነገር እንዳልሆነ አልተናገረችም።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። ሽታው አልተመለሰም። ከሥራ ስትገባ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ቆዳዋ እስኪሰነጣጠቅ ትታጠባለች። ከዚያ ወጥታ ከማሉዲን ፊት ትቆማለች።

«እሸታለሁ?»

«አትሸቺም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

የተበላሸ ወተት የገባበትን ሻይ ሳይነግራት የጠጣውን ሰው ለአንድ አፍታ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ከዚያ ፎጣዋን ሰብስባ፣ እንደገና ልትታጠብ ትመለሳለች።