ሰማያዊው ኮፈን ለምን ተላጠ

እልል በሉ! እጁ ደህና ነው! አልደከመም፣ አላረጀም። የማን እጅ ካላችሁ፣ የወልቂጤው ቀለም ቀቢ የከማሉ ነዋ!

ሰሞኑን ከማሉ ሰው አልነበረም። የደንበኛውን የተካን ሚኒባስ ቀብቶ ካስረከበ ገና ወር ሳይሞላው ኮፈኑ ይላጥ ጀመረ። ያ ሰማያዊ ደግሞ ተራ ሰማያዊ አይደለም፤ ዝናብ ሲያባራ ከእንሰቱ በላይ የሚዘረጋውን ሰማይ ከማሉ በዓይኑ ይዞ መጥቶ የበጠበጠው ነው። ጎረቤቱ መካኒኩ ኢዮብ፣ "ስማ ከማሌ፣ የቀባኸው ቀለም ነው ወይስ አጥሚት?" እያለ ሳቀበት። ከማሉ ግን፣ "ጥፋቱ የእጄ ከሆነ ከእንግዲህ ስፕሬይ አልይዝም" ብሎ ቆርጦ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ተካ መኪናውን ይዞ ከእምድብር መጣ፤ እናቱ እማማ ዓለምዘውድም አብረውት ነበሩ።

"ጠጠር መትቶት ይሆን?" አለ ተካ።

ከማሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ጠጠር የመታው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ይሄ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሰፊው ይነሳል። ከስሩ ዝገት የለም፤ ውሃም አልገባበትም ማለት ነው። አንዱን ቅርፊት አንስቶ ገለበጠው። ጀርባው ወዝ አለው። አሸተተው።

ወዲያው ጋራዡ ጠፋ። የአረፋ በዓል ነው፣ ያደገበት ቸሃ ነው። ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ ትንሽ ልጅ ነው፤ የእናቱ መዳፍ አናቱ ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል...

"ቅቤ!" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "የከረመ ቅቤ! ብረቱን ማነው የቀባው?"

ተካ ግራ ገባው። እማማ ዓለምዘውድ ግን ምንም ሳያፍሩ፣ "እኔ ነኛ! አንተ ጁምዓ ሄደህ ነበር። የድሮ ቀለሙ ተፍቆ ራቁቱን ቆሞ ሳየው አሳዘነኝ። ልጅስ ሲወለድ አናቱን ቅቤ አይቀባም? መርቄ ቀባሁት። እንዳትቆጣ ብዬ ደግሞ በነጠላዬ ጠረግሁት" አሉ።

"ቅቤ ላይ ቀለም አይይዝማ፣ እማማ!"

"መኪናው እስከ ዛሬ አደጋ ደርሶበታል?"

"ኧረ አልደረሰበትም" አለ ተካ።

"ታዲያ የማን ቅብ ነው የያዘው?"

ከማሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጣቶቹን ዘርግቶ ዛሬ የተሰጡት ይመስል አያቸው። "በሉ፣ ፍቄ እንደገና እቀባዋለሁ። ከደረቀ በኋላ እንደ ልብዎ ይመርቁት!"

ቡታጅራ ያለችው እህቱ ፈትሂያ ግን እስካሁን አልሰማችም፤ ስታስብለት ነው የሰነበተችው። እኔም ጎረቤቱ ነኝና ልሂድ፣ ልደውልላት፤ ያ ኢዮብ ሳይቀድመኝ!