ዑምኩልሱምና የስሎቫክያዋ እኅቷ

ያ ሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ያፏጭ ነበር። የዑምኩልሱም አባት ፀሐይ ላይ ያሰጧቸውን የባትሪ ድንጋዮች መልሰው ከትተው ጆሮውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት መጀመሪያ ረጅም ፉጨት ይመጣል፤ ቀጥሎ ዘይት ላይ እንደ ወደቀ ዓሣ ይንጫጫል፤ ከብዙ ማባበል በኋላ ዓለምን ወደ ቤት ያስገባል። ዑምኩልሱም ያን ፉጨት ከሰማች የያዘችውን ሥራ ጥላ መምጣቷ ነው።

በትምህርት ቤቷ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ቼኮስሎቫክያ የምትባል አገር ነበረች። ስሟ ረዘም ስለሚል ወደደቻት። ኋላ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ስሎቫክያ ለብቻዋ ስትሆን አባቷ ዜናውን ሰምተው፣ «እንደ ደህና ወንድማማቾች ሳይደባደቡ ተካፈሉ» አሉና ሬዲዮውን ዘጉት።

አባቷም ሬዲዮውም ካለፉ ቆዩ። ዑምኩልሱም ግን ስልሳን እየተጠጋች፣ ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሣ ስትጠብስ፣ ስልኳን ከዘይቱ ራቅ አድርጋ ጣውላ ላይ ታስደግፍና ዜና ትሰማለች።

በሰፈሯ ሰው ቆሻሻውን ወደ ሐይቁ የሚደፋበት አንድ ጉድባ ነበር። እሷ የዓሣ መገልበጫዋን ይዛ ጧት ጧት እዚያ ትቆም ጀመር። አትሳደብም። «ድፋው ግድ የለም፤ ዓሣው ይበላዋል፣ እኔ ደግሞ ዓሣውን ጠብሼ አበላሃለሁ» ነው የምትለው። ይህን ሰምቶ ጆንያውን ተሸክሞ ያልተመለሰ የለም። ጉድባው ሲጸዳ ሰፈሩ፣ «ይህቺማ ለቅሬያችን ትሁን» ብሎ ዳኛ አደረጋት። ቅሬ እንግዲህ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ድስትና ሳህን የሚያወጣው፣ እስላሙንና ክርስቲያኑን ባንድ አግዳሚ የሚያስቀምጠው ማኅበር ነው። ዳኛዋም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትኖራለች።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ስልኩ፣ ስሎቫክያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ፕሬዚዳንት መረጠች አለ። ዙዛና ቻፑቶቫ ትባላለች፤ ጠበቃ ናት፤ ፔዚኖክ በምትባል ከተማዋ የታሰበውን የቆሻሻ መጣያ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ዓመታት ተሟግታ አስቀርታለች። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ከነእጮኛው ተገድሎ ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ፣ ፍትሕ ለሁሉም እኩል ይሁን ብላ ተወዳደረች፤ አሸነፈች።

ዓሣው አረረ።

«ይህቺ እኅቴ ናት» አለች ዑምኩልሱም።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሊበላ የገባ ሁሉ የስሎቫክያን ነገር ሳይሰማ አይወጣም። ባጃጅ ነጂው ጠሃ ገና ከበሩ ሳለ ይጀምራታል።

«እትዬ፣ እኅትሽ ደህና ናት?»

«ምን ደህንነት አለ፤ መንግሥቱ ፈርሶባት ጊዜያዊ ካቢኔ ስትሾም ከረመች።»

«ውይ፣ አያሳርፏትም እኮ። አንድ ዓሣ ላኪላት።»

በሰኔ 2015 ፕሬዚዳንቷ ለሁለተኛ ዘመን አልወዳደርም አለች። ለሌላ አምስት ዓመት የሚሆን ጉልበት አይኖረኝም ማለቷን ዑምኩልሱም ስታወራ ጠሃ ሳቀ።

«ቤተ መንግሥት የገባ ሰው በገዛ እግሩ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትንሽ ይለምኗት፣ ትቀመጣለች።»

ዓመቱ ዞሮ ሰኔ 2016 ሲመጣ ሴትዮዋ እንዳለችው ወረደች። ጠሃ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ የዓሣውን እሾህ ለቀመ።

ዑምኩልሱምም የራሷን ነገር ማሰላሰል ያዘች። ልጇ ሂንድ ውጫሌ ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ አላረሰቻትም፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ዳኛዋ ድንኳን ስር ነበረች። አሁን ሂንድ ሁለተኛውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። «እማ፣ ዘንድሮስ የኔ ነሽ ወይስ የቅሬው?» ብላታለች በስልክ።

አልሞከረችም እንዳይባል ሞክራለች። ጉባኤው በተሰበሰበ ቁጥር «እስቲ እኔን አውርዱኝ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ የሰፈሩ ታላቅ ሸህ ዘይኑልአቢዲን መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። «አላህ ያኑርሽ፣ ከቅሬያችን አይለይሽ!» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን» ይላል። እሷም ልማድ ሆኖባት አብራ «አሚን» ትላለች። በዚያ አገር ዱዓ ያረፈበትን ነገር አፍራሽ የለም፤ የገዛ አሚኗን ደግሞ ማን ይፈታላታል?

ክረምቱ ሲገባ ቅሬው በቆርቆሮ አዳራሹ ተሰበሰበ። ዑምኩልሱም ለሂንድ የምትወስደውን አብሽና ቅቤ የያዘ ዘንቢሏን ድስቶቹ በተደረደሩበት በጓሮ በር በኩል አስቀምጣ ገባች። ከጎኗ ምክትሏ አገሬ ተቀመጠች፤ ድስቱን በየልኩ የምትደረድር፣ «እኔ ብሆን ድንኳኑን እንዲህ አላጥፈውም» ማለት የማይታክታት ሴት ናት።

«ዘንድሮ ልውረድ» አለች ዑምኩልሱም፣ ገና ሰው ተደላድሎ ሳይቀመጥ።

«ማን አስቀየመሽ?» አሉ ሸህ ዘይኑልአቢዲን።

«ማንም። ልጄን ላርስ ነው። ደግሞስ የስሎቫክያዋ ወርዳ የለም?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሚያውቀውም የማያውቀውም «ንገሪን» አላት፤ እሷም ከቆሻሻው ሙግት ጀምራ እስከ መውረዷ አወራች።

«ሽማግሌ አልላኩባትም?» አሉ መምሬ ታመነ፣ የሰፈሩ ቄስ።

«አልላኩም።»

«አዬ፣ ሰው የሌለበት አገር።»

«መምሬ፣ እርስዎ ቢኖሩማ እስካሁን ወንበሯ ላይ ታስራ ትቀር ነበር» አለ ጠሃ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ።

አገሬ ግን አልሳቀችም። «ለማን አስረከበች?» ብላ ጠየቀች።

«ለተመረጠው። ከሷ ወገን እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም አስረከበችው።»

«ደግ አደረገች» አለች አገሬ፣ ከዑምኩልሱም አንገት የተንጠለጠለውን ቁልፍ እያየች።

ሸህ ዘይኑልአቢዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም ሴት ናት። እንግዲህ ለሷም ለኛይቱም ዱዓ እናድርግ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። አዳራሹ ሁሉ፣ መምሬም ጭምር፣ መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለኛይቱም» የምትለው ቃል ወዴት እንደምታደርሳት ዑምኩልሱም ታውቃለች። ነገር ግን ሸህ እንግዳ አክባሪ ናቸውና ከፈረንጇ ጀመሩ። ጤናዋን ለመኑላት፣ ሁለቱን ሴት ልጆቿን መረቁ፣ አገሯን መረቁ፣ ከተማዋ ቆሻሻ እንዳይደርስባት ለመኑ። ለያንዳንዱ «አሚን» ይባላል። ዑምኩልሱም ለልጆቹ የተባለውን «አሚን» ከልቧ አለች፤ ከዚያ አፏን ገጠመች።

ቀስ ብላ ተነሣች። ቁልፉን ከነገመዱ ከአንገቷ አወለቀች። የአገሬ መዳፍ ተዘርግቶ ነበርና እዚያ ላይ አኖረችው።

አገሬ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ቁልፉን አየች፣ ዑምኩልሱምን አየች፤ ጣቶቿን ሰበሰበችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

«ወደኛይቱ ስንመለስ» አሉ ሸህ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያቺን ቁልፍ የያዘችውን አላህ ያኑርልን፣ ከቅሬያችን አይለያት!»

«አሚን!» አለች አገሬ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ።

ዑምኩልሱም በድስቶቹ መሐል አለፈች፤ ዘንቢሏን አነሣች፤ ደህና ዋሉም ሳትል በጓሮ በር ወጣች።