ሁለት ጣት የቀረው ዚፕ

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ። ጋሼ የምላቸው ውሃ ውስጥ መጥለቅ ያስተማሩኝ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው፤ በሥጋ አንዛመድም። ልጃቸው እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። እኔን ስታናግር አማርኛዋን እየጎተተችም ቢሆን ታመጣዋለች።

«አባዬ ይረሳል» አለችኝ። «ስቶቩን ኦን አድርጎ ይወጣል። ስጠይቀው ይናደዳል። አንደር ወተር የምታይው አንቺ ነሽ። ቼንጅ ካየሽ ኮል አድርጊኝ፣ ፕሊስ። እዛ ከረሳ ይሞታል።»

«ኧረ ደህና ናቸው» አልኳት።

ውሸቴን ነበር። ባለፈው መስከረም፣ ውሃ ውስጥ የምናየውን በሚመዘግቡባት ሰሌዳ ላይ አንዱን ዓሣ ሁለት ጊዜ ሲጽፉ አይቻለሁ። በጥቅምት ወደ ዳርቻ መመለስ ሲገባን ወደ ጥልቁ ሲቀዝፉ ክንዳቸውን ይዤ አዙሬያቸዋለሁ። ይህን ለልጃቸው መናገር ግን መጥለቃቸውን በገዛ እጄ ማስቆም ነው። እኔ ማን ነኝና? ደግሞስ ያስተማረን ሰው ሄዶ መክሰስ ምን ይባላል? ይሉኝታ እንደ እኔ ያለውን ሰው ከያዘ አይለቅም።

ጋሼ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል አድርገው የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሊፍት መካኒክ ነበሩ። ሃምሳ ሲሞላቸው ሐኪም ለወገባቸው ዋና እንዲማሩ መከራቸው። «ላይ ላዩን መንሳፈፍ ሰለቸኝ፤ ሊፍት ሠሪ ደግሞ መውረድ አይፈራም» ይላሉ። እኔ ለአገሩ አዲስ ሆኜ ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስብሰለሰል፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስለ አንድ ጣት የማትሞላ ዓሣ ሲያወሩ ሰማኋቸው። በሳምንቱ መዋኛ ገንዳ ወሰዱኝ። ከሥራና ከእንቅልፍ ሌላ ሕይወት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም።

የጠላቂዎች ማኅበራችን በየፀደዩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር እየተገናኘ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይቆጥራል። ቦታው ከከተማው በስተ ምሥራቅ ነው። ድሮ የፈረሰ ሕንፃ ፍርስራሽ ሐይቁ ውስጥ ተደፍቶበታል፤ ስለዚህ ከታች የምናየው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ሸክላ አለ፣ የታጠፈ ብረት አለ፣ የማን እንደነበር የማይታወቅ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ባለ መስመር ትናንሽ ዛጎሎች ተጣብቀው ይኖራሉ። በሚያዝያ ውሃው አራት ዲግሪ ነው። ፊት ላይ ሲነካ መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ጭራሽ አይሰማም። እኔ የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ከሚኖሩበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ በቫናቸው መጥተው ወሰዱኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ሰንብተዋል፤ ፊታቸው ከስቷል። ቅዳሜ እህል ስለሚቀመስ በሶ በጥብጠው በፔርሙዝ ይዘው ነበር። መንገድ ሲስቱ «ጾሙ ነው» አልኩ በልቤ። ጾሙ ስንቱን ተሸከመልኝ!

የምንለብሰው ድራይ ሱት ውሃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ነው። ዚፑ በጀርባ ከትከሻ ትከሻ ያልፋል፤ ለባሹ አያየውም። ጋሼ በመካኒክ ብልሃታቸው ዚፑ ላይ ገመድ አስረው፣ ገመዱን ቫናቸው በር ላይ አንጠልጥለው፣ ወደ ጎን በመራመድ ራሳቸው ይዘጉታል። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው። ከመግባታችን በፊት አንዳችን የሌላችንን ዚፕ ጫፉን ይዘን እንጎትታለን፣ በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር መከፈቱን በእጃችን እናረጋግጣለን። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ዚፑን ጎተትኩ፤ ደህና ነበር። ሲሊንደራቸው ግን ተዘግቷል። እጄን ሰድጄ ልከፍተው ስል በማኅበሩ መሪና በሌላ ጠላቂ ፊት ዞር አሉብኝ።

«ምን ሆነሻል? ሕፃን መሰልኩሽ እንዴ?»

ቋንቋውን ባይሰሙም ቁጣውን ሰሙት። «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሲሊንደሩን ራሳቸው ከፈቱት። በሰው ፊት አፈርኩ።

ከታች ውሃው አረንጓዴ ነበር፣ ከአራት ሜትር ወዲያ አያሳይም። ጎቢ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች በክንፋቸው ተደግፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሽሪምፖች በባትሪያችን ብርሃን ውስጥ ይርመሰመሳሉ። አንዲት ባለ መቆንጠጫ የሐይቅ ሸርጣን ከተሰበረ ቱቦ ውስጥ ወጥታ ጋሼን ለድብድብ ጋበዘቻቸው። ሳቃቸው በአረፋ ሲወጣ አየሁ። ለጊዜው ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ከዚያ አንድ ግድግዳ ፊት ቆሙ። ባዶ ግድግዳ ነው። «ደህና ነዎት?» የሚለውን ምልክት በጣቴ አሳየኋቸው። አዩኝ፣ ግን አልመለሱም። እስኪመልሱ ድረስ በልቤ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ «ደህና» ብለው ጣታቸውን ገጠሙ።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ «ያቺን ሸርጣን አየሻት?» አሉኝ። አየኋት አልኩ። የፓርክዴል መታጠፊያ ሳንደርስ ደግመው ጠየቁኝ። ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ፤ በዚያው ደስታ፣ በዚያው ሳቅ። ቤት እንደገባሁ የልጃቸው መልእክት ስልኬ ላይ ነበር፦ «እንዴት ነው?» «ሁሉ ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀስ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመለስን። ነፋሱ ወድቆ ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ያን ጸጥታ አልወደድኩትም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። የማኅበሩ መሪና ጓደኛዋ ገብተው ወጥተው ልብስ እየቀየሩ ነበር። ጋሼ ገመዳቸውን ቫኑ በር ላይ አንጠልጥለው ተራመዱ፣ ከዚያ ሲሊንደራቸውን አዘሉ።

«ዚፑን ልይልዎት?» አልኩ።

«ተዘግቷል» አሉ ሳይዞሩ።

መጎተት ነበረብኝ። እጄ ተነሥቶም ነበር። የትናንቱ ቁጣ ትዝ ሲለኝ፣ እነዚያም ሰዎች ሲያዩን፣ ትልቅን ሰው ሁለት ቀን በተከታታይ ማዋረድ መስሎኝ እጄን አወረድኩ። ካናዳዊት ጠላቂ ብትሆን ሳታስብ ትጎትተው ነበር። እኔ አክባሪዋ ተውኩት።

ዘጠኝ ሜትር ጥልቀት ላይ ከበስተኋላዬ ቀሩ። ስዞር ከትከሻቸው ጀርባ ቀጭን የአረፋ ክር ይወጣል። አረፋ ከአፍ እንጂ ከትከሻ አይወጣም። እግራቸው ወደ ታች ተጎትቷል፤ በልብሳቸው የገባው ውሃ ቦት ጫማቸውን ሞልቶት አሸዋ ላይ ቆመዋል። እሳቸው ግን መጻፊያዋን ሰሌዳ ፊታቸው ላይ አስጠግተው ለመጻፍ ይታገላሉ። እርሳሱ ከእጃቸው ወድቋል። በባዶ ጣት ነበር የሚጽፉት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እጄ ያውቀዋል። የክብደት ቀበቶዋቸውን ፈትቼ ጣልኩ፣ አየር የሚሞላውን ሰደርያቸውን ነፋሁ፣ መተንፈሻቸውን አፋቸው ላይ ደግፌ ይዤ ቀስ ብለን ወጣን። ዓይናቸው ክፍት ነበር። የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም። ስማቸውን ውሃ ውስጥ ጮኼ ጠራሁ፤ ሞኝነት ነው፣ ማን ይሰማል?

ሁለቱ ጠላቂዎች ዘለው ገብተው ድንጋዩ ላይ አወጡን። ልብሱን ሲከፍቱ ውሃው እንደ ተገለበጠ ባልዲ ተንዠቀዠቀ። ዚፑ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነበር። አምቡላንስ ተጠራ። መሪዋ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፦ «ዚፑን ማን አየው?»

ጋሼ ጥርሳቸው እየተንቀጨቀጨ ቀድመውኝ መለሱ። «እሷ አይታዋለች። በኋላ የነካካሁት እኔ ነኝ።»

እኔም ዝም አልኩ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ሆስፒታል በሞቀ አየር በተነፋ ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኟቸው። ከሰዓታት በኋላ ከንፈራቸው ቀለም መለሰ። አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ። መጎተት ነበረብኝ» አልኳቸው።

«ነበረብሽ» አሉ። «እኔ ከመስከረም ጀምሮ አውቃለሁ። አንዳች ነገር እንደሚያመልጠኝ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው። ታች የምታይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ስትነግሪኝ አቆማለሁ አልኩ። ዝም ስትይ ጊዜ፣ ገና ደህና ነኝ ማለት ነው አልኩ።»

«ቅዳሜ ሲቆጡኝ...»

«ሽማግሌ ይቆጣል! ሌላ ምን ሥራ አለው? አንቺ ለምን መልሰሽ አልተቆጣሽኝም?»

ልጃቸው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። «ሁሉ ሰላም አልሽኝ» አለች። ከስድብ የባሰ ነበር።

ጋሼ እጄን ያዙ። ጣታቸው አሁንም ይቀዘቅዛል። «ንገሪያት» አሉኝ። «ምንም እንዳትተይ።»

ከመስከረም ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ዓሣ ነገርኳት። በጥቅምት ወደ ጥልቁ መቅዘፋቸውን፣ የተዘጋውን ሲሊንደር፣ ባዶውን ግድግዳ፣ ሦስት ጊዜ የተጠየቅኩትን ሸርጣን፣ በባዶ ጣት የጻፉትን ሰሌዳ፣ ሁሉንም። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እሳቸው ግን ትራሱ ላይ ዞረው እኔን ነበር የሚያዩት፤ እያንዳንዱን በተናገርኩ ቁጥር ድምፃቸው እየቀነሰ ይጠይቁኛል፦

«ይኼንንም አድርጌያለሁ?»