ፈቃዱ የኮምፒውተሩ ነው

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽን አስገብቼ ነበር። ንድፍ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ከአዲስ አበባ ወኪል የገዛሁት የአንገት ሐብሌን ሸጬ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ከስልኬ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። ንድፉንም ገረሴ ከተማ የሚኖረው አጎቴ ከሚሸምነው ጥለት አይቼ ራሴ ሣልኩት።

አንድ ሐሙስ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ ተቃጠለ። እሑድ ሠርግ ነው፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ጀርባው ተጠልፏል፣ ደረቱ ባዶ ነው። አልደነገጥኩም። ንድፉ በፍላሽ አለኝ፤ ሴቻ በሚባለው ሌላው ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ ኮምፒውተር አላት። እኛ ዘንድ ወንፊትም ሙቀጫም ከጎረቤት ይመጣል፤ ኮምፒውተር የማይመጣበት ምክንያት አልታየኝም። በሚኒባስ ጭኜ አመጣሁትና ሶፍትዌሩን ጫንኩበት። «ይህ ፈቃድ በሌላ ኮምፒውተር ተመዝግቧል» ብሎ ቀጥ አለ። የገዛ ንድፌን አልከፍትም አለኝ።

ለወኪሉ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለኮምፒውተሩ እንጂ ለእርስዎ አይደለም።»

«ኮምፒውተሩማ ሞተ። ወራሹ እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ደንቡ ነው፤ አዲስ ይግዙ።»

«ንድፉ እኮ የእኔ ነው። እሱን ብቻ ይክፈቱልኝ።»

«እሱም የሚከፈተው በፈቃድ ነው።»

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሸማኔ መወርወሪያው ቢሰበር ሌላ ያስጠርባል፤ አናጢው መጥቶ «ከእንግዲህ መሸመን አትችልም» አይለውም። ገዛሁ ያልኩት ለካ ኪራይ ኖሯል፤ ያውም አከራዩ የእኔን ዕቃ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተበት።

አጎቴ ጋቢ ሊሸጥ ከገረሴ ወርዶ ሱቄ ተቀምጦ ሁሉን ይሰማ ነበር። «ልጄ፣ የሣልሽው አንቺ፣ የሚፈቅደው እሱ?» አለኝ።

የሙሽራዋ እናት በር ላይ ቆመው ቀሚሱን ያያሉ። ለሱቅ ኪራይ ያስቀመጥኩትን ብር ለወኪሉ ላኩለት። ሶፍትዌሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ።

ደረቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አለቀ። እናትየዋ ቀሚሱን ሊያጣጥፉ ሲሉ አጎቴ «ትንሽ ይታገሱኝ» ብሏቸው ወጣና ባለካሬ ደብተር ገዝቶ ተመለሰ። ቀሚሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ስፌቱን በጣቱ እየቆጠረ፣ አንዱን ካሬ እያጠቆረ ሌላውን እየዘለለ ጥለቱን ወደ ደብተሩ ገለበጠው። ሲጨርስ ደብተሩን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለና የገረሴ መኪና ሊይዝ ሄደ።