በሰው አፍ

ማይክራፎኑ ሲያፏጭ ጥርሴን ነከስኩ። አምቦ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ባለሀብት የሕይወት ታሪኩን መጽሐፍ እያስመረቀ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የምናውቀው ግን እኔና እሱ ብቻ ነን።

ያንኑ ፉጨት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በወላጆች በዓል ላይ ሰምቼዋለሁ። የበዓሉን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ቤት የምናወራው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ከመጻሕፍት ነው። የአማርኛ ቲቸራችን ግጥሙን ደጋግመው አነበቡና፣ "ወረቀት ላይ አማርኛሽ ያምራል፤ ካፍሽ ሲወጣ ግን ይሰባበራል። የዳይሬክተሩ ልጅ ታንብበው፤ ላንቺም ክብር ነው" አሉኝ። ክብሩ ምኑ ላይ እንደሆነ ባይገባኝም እሺ አልኩ።

ልጅቷ በነጭ ቀሚስ ቆማ አነበበች። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ ውላ በቀጥታ ከገበያ ነበር የመጣችው፤ ሻርፕዋ እሱኑ ይሸታል። እንባዋ እስኪመጣ አጨበጨበች።

"ያ ጎፍታ! ጌታዬ! የዚች ልጅ እናት ታድላ!" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ምናለ አንቺም እንደሷ ብትሆኚ" አለችኝ።

ግጥሙን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

ዛሬም አጠገቤ ተቀምጣለች። ባለሀብቱ ስለ እናቱ የሚናገረውን ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ። ነጭ ሽንኩርት ስለሚሸተው ሻርፕ ሲደርስ፣ እናቴ ዓይኗን በሻርፕዋ ጫፍ ጠረገች።

"እናቱ ታድላ" አለች።

ዝም አልኩ። ያኔ ዝም ያልኩት በነጻ ነበር፤ አሁን ይከፈለኛል።