የጎረቤቴ አሳማ

ጎረቤቴ ቤቱን ለቆ የሄደው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ጠዋት ጋርላንድ ወደሚገኘው የአረጋውያን መንከባከቢያ ስወጣ መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስመለስ መስኮቱ መጋረጃ እንኳን አልነበረውም። ያኔ በቴክሳሷ ከተማችን በሜስኪት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አያስገርምም። ዕዳቸው ስላልተከፈለ ባንክ የወሰዳቸው ቤቶች ሣራቸው ጉልበት ደርሶ በየመንገዱ ይታዩ ነበር። ከሰውዬው ጋር ለዓመታት አጥር ተጋርተን ስንኖር እጅ ከማውለብለብ አልፈን አናውቅም። እንደሄደ ሳውቅ ግን ሆዴ ባባ። ባሌ ከሞተ፣ ልጄም ሥራ አግኝታ ሲያትል ከገባች ወዲህ፣ የእሱ ጋራዥ ሲከፈት መስማት እኔ ቤት ሰው የገባ ያህል ሆኖልኝ ነበር።

በማግስቱ ጓሮ አበባ ሳጠጣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያቃስት ነገር ሰማሁ። ሥራዬ ከሚያቃስቱ ሰዎች ጋር ስለሆነ ድምፅ እለያለሁ፤ ይህ የሕመም አልነበረም፣ የመለመን ነበር። በጣውላው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ጥቁር አሳማ ናት፤ አሳማ እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ዓይኗ በግንባሯ ቆዳ እጥፋት ተሸፍኗል። የደረቀ የውሃ ሳፋ በአፍንጫዋ ወዲያ ወዲህ ትገፋለች።

እኔ ባደግኩበት ቤት አሳማ ስድብ እንጂ እንስሳ አልነበረችም። ቢሆንም የውሃ ጎማውን በአጥሩ አናት አሳልፌ ሳፋውን ሞላሁላት። ጠጥታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግሜ እንድሞላ መሆኑ ገባኝ።

ወደ ከተማው የእንስሳት ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ «መጥተን እንወስዳታለን። ግን አሳማ ወስዶ የሚያሳድግ ሰው ብዙ አይመጣም» አለችኝ። የቀረውን፣ ወሳጅ ካጣች በመርፌ እንደሚገድሏት፣ ሳትናገረው ተረዳሁት፤ አመስግኜ ዘጋሁ። ጠያይቄ፣ ማኪኒ ከተማ አካባቢ የተጣሉ አሳማዎችን የምታስጠጋ ሴት አገኘሁ።

«ቦታ የለኝም» አለችኝ ገና ሳልጨርስ። «ቤቱን ያጣ ሁሉ አሳማውን እኔ በር ላይ ነው የሚጥለው። ግን እንዴት እንደምትይዣት እነግርሻለሁ።»

ነገረችኝ። አሳማ እንደ ሰው ስለማያልበው በቴክሳስ ፀሐይ ጥላና ጭቃ ያስፈልገዋል። ሰኮናው እያደገ ስለሚሄድ ይከረከማል። የውሻ ምግብ አይሰጠውም። «ደግሞ ልያዛት ብለሽ አታሳድጃት» አለች። «መሬት ቁጭ በይና እሷ ትምጣ።»

ከአጥሩ ሁለት ጣውላ ነቀልኩና ሐብሐብ ቆርጬ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር እዚያው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን በቀዳዳው ብቅ አለች፤ እኔን እንዳላየች አልፋ፣ ሐብሐቡን በልታ፣ ጓሮዬን ዞራ ጎበኘች። አካሄዷ ቤት ልትገዛ የመጣች ወይዘሮ ይመስል ነበር። «እሜቴ» አልኳት። ስሟ ሆኖ ቀረ።

ለልጄ በስልክ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ፒግ? አር ዩ ሲሪየስ?»

«ለጊዜው ነው።»

«ማለቴ፣ ለምን ዶግ አዶፕት አታደርጊም? ኖርማል ሰው ዶግ ነው አዶፕት የሚያደርገው።»

«አጠገቤ የተጣለችው እሷ ናታ።»

ሳቀች። ከዚያ ሚቲንግ አለኝ ብላ ዘጋች።

ሙቀቱ ሲብስ እሜቴ ቤት ገባች። ኩሽና ወለሉ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። ፍሪጅ መክፈት በአንድ ሳምንት ለመደች፤ በገመድ አሰርኩት፣ ገመዱን ፈታች። ከሥራ ስመጣ የመኪናዬን ድምፅ ለይታ በሩ ሥር ታንጎራጉራለች። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስናገር ውዬ ለእሷ በአማርኛ አወራላት ነበር፦ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ የማንን አልጋ ለሌላ እንዳነጠፍኩ። ጆሮዋን አዙራ ትሰማኛለች። እስከምትተኛ ድረስ።

የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ እሜቴን ጓሮ አድርጌ በሩን ዘጋሁ። በዕድሜ የምትበልጠን የማኅበር እህታችን ልትረዳኝ ቀድማ መጣች። ቆሻሻ ልትጥል የጓሮውን በር ከፈተች፣ ከእሜቴ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ቀስ ብላ ዘጋችው። ያን ዕለት ዝክሩ እንደምንም አለፈ፤ ግን ማንም እህል አልደገመም። በሳምንቱ ደወለችልኝ።

«እንዳትቀየሚኝ እህቴ። ተነጋገርን፤ ከእንግዲህ የአንቺን ተራ ሌላ ሰው ያውጣልሽ ተባለ።»

«ከቤት ላወጣት እችላለሁ እኮ።»

«አይ፣ አንዴ ሰው ልቡ ከጠላ...» አለች።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። «አባ፣ ኃጢአት ነው?» አልኳቸው።

ጺማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ አትብሉ ተባለ እንጂ አታብሉ መች ተባለ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል፣ «ሴቶቹን ግን አላስገድድልሽም» ብለው ጨመሩ። «እርስዎ ካልነገሩልኝ ማን ይነግርልኛል?» ስላቸው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንደ ድሮው ይስሙኛል። ቤቴ ግን የሚመጣ ጠፋ። በክረምቱ ጉንፋን ሲጥለኝ አንዷ አጥሚት ይዛልኝ መጣች፤ በሩ ላይ አስቀምጣ መኪናዋ ውስጥ ሆና ደወለች። በመስኮት እያየኋት «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት በስልክ። እጇን አውለበለበችልኝና ሄደች።

ጎረቤቴ የመጣው በጸደይ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ከስቶ፣ በሬ ላይ ቆሟል። ድምፁን በቅጡ የሰማሁት ያኔ ነው።

«አለች?» አለኝ።

ጓሮ ወሰድኩት። በመንገዳችን ላይ፣ ዘመዱ በማግስቱ ሊወስዳት ቃል ገብቶለት እንደነበር፣ እንዳልወሰዳት የሰማው ቆይቶ እንደሆነ ነገረኝ። «ከዚያ በኋላ መምጣት ፈራሁ» አለ። «ሞታ ባገኛትስ?» አሁን ፎርት ዎርዝ እህቱ አፓርታማ ሶፋ ላይ ይተኛል።

እሜቴ ሣር ትግጥ ነበር። ተንበርክኮ ጠራት፤ በማላውቀው ስም። ቀና ብላ አየችው፣ ጀርባዋን ሰጥታው መጋጧን ቀጠለች።

«ረስታኛለች» አለ።

«ተቀይማህ ነው» አልኩት።

ተንበርክኮ እንዳለ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ውሃ ላምጣ ብዬ ገባሁ፤ እስኪረጋጋ ውስጥ ቆየሁ። ሲነሳ «አልፎ አልፎ እሁድ መጥቼ ባያት ቅር ይልሻል?» አለኝ። «በደስታ» አልኩት፤ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት ራሴን አሳፈረኝ።

ሞተሩን ሲያስነሳ እሜቴ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። የጓሮውን በር በግንባሯ እየመታች፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች። በበሩ አልፌ መንገድ ድረስ ሮጥኩ፤ መኪናው ታጥፎ ነበር። ስልክ ቁጥሩን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ እህል እንቢ አለች። በሩ ሥር ተኛች። የማኪኒዋን ሴት ብጠይቃት፣ «ያዝናሉ። ከጎኗ ከመቀመጥ በቀር የምታደርጊው የለም» አለችኝ። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ያበላኋት እኔ፣ ያጠጣኋት እኔ፣ ሰው ያጣሁባት እኔ። ቁጣው ግን ብዙ አልቆየም። ይህን ሁሉ ጊዜ የመኪናዬን ድምፅ ስትሰማ በሩ ሥር የምትቆመው ማንን ጠብቃ እንደሆነ አሰብኩ።

ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። እኔ ለጥቂት ሳምንታት እሁድ እሁድ ለሁለት ሰው የሚሆን ምሳ ሠራሁ። ሰውዬው አልመጣም። የእሱን ቤት ወጣት ባልና ሚስት ገዙት፤ አጥሩን አሳደሱት።

ኅዳር ላይ ልጄ ለታንክስጊቪንግ በዓል መጣች። እሜቴ የሻንጣዋን ዚፕ ከፍታ ብስኩቷን በላችባት። ልጄ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በእጇ ታጎርሳት ጀመር። ሦስት ቀን ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ። ኤርፖርት ሸኝቻት ስመለስ እሜቴ ሻንጣው የነበረበት ቦታ ላይ፣ አፍንጫዋን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ተኝታ አገኘኋት። ቁልፌን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ኮቴን ሳላወልቅ ከጎኗ ተቀመጥኩ።